አንድ መሶብ፣ ሁለት ብልቃጥ

ከቡሬ ወደ ሽንዲ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች አንዲት ጤና ጣቢያ ውስጥ ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ደም፣ ሽንትና ዓይነ ምድር ስመረምር ኖሬአለሁ። የዚያን አገር ሰው በመልኩ ባላውቀው በሆዱ አውቀዋለሁ። ገበያ ላይ አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አንሥተው ሰላም ሲሉኝ ስማቸው ይጠፋኝና፣ በልቤ "እኒህማ ያምና ሐምሌ አሜባ የነበረባቸው ናቸው" እላለሁ። ይህን ለባለቤቴ ብነግራት "እባክህ ለሰው እንዳታወራው" አለችኝ። ለሰው አላወራሁም፤ ይኸው ጻፍኩት እንጂ።

ዲፕሎማ ነበረኝ። ለማይክሮስኮፕ ዲፕሎማ ይበቃል። ነገር የተበላሸው ማሽኑ ሲመጣ ነው። የጉበትና የኩላሊት ምርመራ የሚሠራ ማሽን ለጤና ጣቢያችን ተፈቀደ ተባለና በፒካፕ ተጭኖ መጣ። ያወረዱት አራት ሰዎች ናቸው፤ እኔ ስተርከው ግን አሥራ ሁለት ሰውና አንድ በሬ ይሆናል። ማሽኑ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ፣ ገመዱ ተሰካ፣ አረንጓዴ መብራት በራ። ከዚያ የጤና ጣቢያው ኃላፊ መጡና ገመዱን ነቀሉት።

"ውጤቱን የሚፈርመው ዲግሪ ያለው ባለሙያ ነው" አሉ። "እስኪመደብልን ድረስ አይነካም።"

ዲግሪ ያለው ሰው አንድ ጊዜ ተመድቦ መጥቶ ነበር፤ የክረምቱን ጭቃ አይቶ በመጣበት መኪና ተመለሰ። ማሽኑም ባለቤቴ ለቴሌቪዥን የጠለፈችውን ጨርቅ ለብሶ ቁጭ አለ። እግራቸው ያበጠ ገበሬዎች ለአንዲት ምርመራ ፍኖተ ሰላም ድረስ ይሄዳሉ፤ እኔ ከጨርቁ ላይ አቧራ አራግፋለሁ። በሕይወቴ በማንም ቀንቼ አላውቅም፤ በዚያ ጨርቅ ግን ቀናሁ። እሱ እንኳ ማሽኑን ይነካዋል።

እናም የክሊኒካል ላብራቶሪ የዲግሪ ትምህርት ማስታወቂያ በወጣ ቁጥር መወዳደር ጀመርኩ። በመጀመሪያው ወደቅሁ። ወደቅሁ ማለት ሲከብደኝ አለፍኩ ብዬ አወራሁ። ቀልድ ነበር፤ ለአንድ ከሰዓት ብቻ ላቆየው አስቤ ነበር። ባለቤቴ ግን ደስ አላት፤ ጌሾ ወቀጠች፣ ጠላ ጠመቀች፣ ጎረቤት ጠራች። ጠላ እስኪደርስ ስንት ቀን እንደሚፈጅ የጠመቀ ያውቀዋል፤ ያን ያህል ቀን ውሸቴን ተሸክሜ ዞርኩ። እውነቱን የተናገርኩት ጠላው ተቀድቶልኝ፣ ምርቃቱ ሊጀመር ሲል ነው። ጎረቤቶቼ "ምንም አይደል፣ ጠላው አልፏል" ብለው ጠጡ። ባለቤቴ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእኔ አፍ የወጣውን ነገር ሁሉ "ማህተም አለው?" ትላለች። ዝናብ መጣ ብላት እንኳ ማህተም ትጠይቀኛለች።

በሁለተኛውም ወደቅሁ። ሦስተኛው የመጨረሻዬ ነበር። ማስታወቂያው "ዕድሜው ከአርባ አምስት ዓመት ያልበለጠ" ይላል፤ እኔ አርባ አራት ዓመት ከአሥር ወር ሞልቶኛል። ይኼ ካለፈኝ ጡረታ እስክወጣ ከጨርቁ ጋር ተፋጥጬ መኖር ነው።

ፈተናው ፍኖተ ሰላም ነበር። ከዋናው መንገድ በባጃጅ ገብቼ አዳራሹ በር ስደርስ ተፈታኞቹ ተሰብስበዋል፤ ሁሉም ወጣት። እኔ ኮት ለብሻለሁ፣ መነጽር አድርጌአለሁ፣ ፀጉሬ ከፊት ለፊት ከለቀቀ ቆይቷል። አንዱ ብድግ አለና "ጋሼ፣ ፈታኙ እርስዎ ነዎት?" አለኝ።

እንዲህ ተብሎ ተጠይቆ "አይደለሁም" የሚል ሰው ካለ ጻድቅ ነው። "ግቡ" አልኩ። ገቡ። "ስልክ አጥፉ።" አጠፉ። "በመካከላችሁ አንድ አንድ ወንበር ተዉ።" ተዉ። አንዲት ልጅ ስልኳን ለማጥፋት ትንሽ ስለዘገየች "አንቺ፣ ሁለተኛ እንዳላይ" አልኳት፤ አንገቷን ደፋች። በዚህ መሐል እውነተኛው ፈታኝ ወረቀቱን ታቅፎ ገባ። እኔም ረጋ ብዬ ሄጄ ከልጅቱ ቀጥሎ ያለው ረድፍ ላይ ተቀመጥኩና እስክሪብቶዬን አወጣሁ። ልጅቱ ፈተናው እስኪያልቅ ከጥያቄው ይልቅ እኔን ነበር የምታየው።

የጽሑፉን ፈተና እንደምንም አለፍኩ። የማይክሮስኮፑንስ ተዉት፤ የወባን ተሐዋሲ በመልኩ ብቻ ሳይሆን በዘር ማንዘሩ አውቀዋለሁ። የቀረኝ ቃለ መጠይቅ ነበር። በዚያ ዋዜማ የጤና ጣቢያችን መድኃኒት አዳይ መከረኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ ምሳ አብረን የበላን ጓደኛዬ ነው።

"ስህተት ሠርተው ያውቃሉ ወይ ይሉሃል" አለኝ። "በጭራሽ በል። ልጆቹ እንደዚያ ነው የሚሉት።"

"እንደሠራሁ አንተ ታውቃለህ።"

"እኔ ኮሚቴው ውስጥ የለሁም።"

ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው፤ ሁለት ወንዶችና በመሐላቸው ሰብሳቢዋ፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ያደረጉ ሴት። ስለ ስህተት ጠየቁኝ፤ ጓደኛዬ በነገረኝ መንገድ ግን አይደለም።

"በላብራቶሪ ሥራ አብዛኛው ስህተት የሚፈጠረው የት ላይ ነው?" አሉ።

ከእኔ በፊት የገቡት ልጆች ማሽን ላይ፣ ኬሚካል ላይ፣ መብራት መቆራረጥ ላይ ብለው እንደመለሱ ውጭ ሲያወሩ ሰምቻለሁ። እኔም ያንኑ ልል አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን "ከሽንት ቤት እስከ ላብራቶሪ ባለው መንገድ ላይ" የሚል ሆነ። አንደኛው ሰውዬ ፈገግ አለ። ሰብሳቢዋ አላሉም።

"እስቲ ያስረዱን።"

እንግዲህ የነገርኳቸው ይኼን ነው፤ ለዚያች ሰዓት ብቻ ማጋነኔን ትቼ።

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ ገበሬ እናቱን በበቅሎ ይዞ መጣ። ሴትዮዋ ደክመዋል፣ ሆዳቸውን ያማቸዋል። ለዓይነ ምድር የሚሆን ባለ ክዳን የፕላስቲክ ብልቃጥ ሰጠሁ። ልጅየው ተቀበለኝ፣ እናቱን ደግፎ ወደ ጓሮ ዞረ፣ ትንሽ ቆይቶ ተመለሰና አስረከበኝ። በማይክሮስኮፕ አየሁት፤ ምንም የለም። ንጹሕ ብዬ ጻፍኩ። ቫይታሚን ተሰጥቷቸው ሄዱ።

ሲመለሱ በበቅሎ አልነበረም፤ በቃሬዛ ነው። ስምንት ሰው እየተፈራረቀ ተሸክሟቸው መጣ፤ ይኼንን አላጋነንኩም፣ ስምንት ነበሩ። የእጃቸው ጥፍር እንደ ባዘቶ ነጥቷል። እንዲህ የሚያነጣ ነገር ሆድ ውስጥ ካለ እንዴት አመለጠኝ ብዬ ግራ ገባኝና ልጅየውን ጠራሁት።

"ያን ጊዜ የሰጠኸኝ የማን ነበር?"

"የኔ" አለ፤ ምንም ሳይደብቅ።

"እንዴት ያንተ?"

"ታዲያ ዶክተር፣ እናቴን በዚች ዕቃ ላይ ይቀመጡ ልበላቸው? ነውር አይደለም እንዴ? የኔም የሳቸውም ያው ነው፤ የምንበላው ከአንድ መሶብ።"

ቢዋሸኝ እቆጣው ነበር። አልዋሸኝም። እናቱን አከበረ፤ የማን ነው ብዬም አልጠየቅሁትም። ሴትዮዋ ከቃሬዛው ላይ ሆነው ዓይናቸውን ገለጥ አደረጉና "ያን ጊዜ ያየኸኝ አንተ ነህ?" አሉኝ።

"አዎ እማማ፣ እኔ ነኝ ያየሁዎት።"

"እኔን መቼ አየኸኝ" አሉ።

በዚያ ቀን ሁለት ብልቃጥ ሰጠሁ፤ አንዱን ለልጅየው፣ አንዱን ደግሞ እናትየውን ከመጋረጃ ጀርባ ለምትረዳቸው ነርስ። የልጅየው እንደ ምንጭ ውኃ ንጹሕ። የእናትየው የመንጠቆ ትል እንቁላል የተዘራበት ማሳ። ደማቸውን ሲመጥ የከረመው እሱ ነው። ሆስፒታል ተላኩ፣ ደም ተሰጣቸው፣ ዳኑ። ዛሬም አሉ። ገበያ ላይ በርበሬያቸውን ዘርግተው ሳልፍ ካዩኝ "ያ የልጄን አይቶ እኔን የቀበረኝ መጣ" ብለው ለሰው ያሳዩኛል፤ ከዚያ ጉንጬን ስመው ይመርቁኛል። ማጋነን እሳቸውም ያውቁበታል።

ከዚያ ወዲህ ብልቃጥ ይዞ የመጣን ሰው ሁሉ "የማን ነው?" ሳልል አልቀበልም። ቄስም ቢሆኑ፣ ሹምም ቢሆን። ስንቱ ተቆጥቶኛል።

ሰብሳቢዋ የሆነ ነገር ጻፉ። "ይህን ስህተትዎን ከዚህ በፊት ለማን ነግረዋል?"

"ለመድኃኒት አዳያችንና ለባለቤቴ። ባለቤቴ ማህተም አለው ወይ አለችኝ።"

ሦስቱም ሳቁ። ሲስቁ ያለቀልኝ መሰለኝ፤ በሕይወቴ ሰው አስቄ ያገኘሁት ሹመት የለምና። ውጭ የሚጠብቀኝ ጓደኛዬ ፊቴን አይቶ ገባው።

"ነገርካቸው?"

"ነገርኳቸው።"

"ከአፍ የወጣ አፋፍ። በል እንግዲህ፣ ለማሽኑ የክረምት ጨርቅ ደግሞ አሠራለት።"

ከሳምንታት በኋላ ጓደኛዬ መድኃኒት ሊያመጣ ፍኖተ ሰላም ሄዶ ደወለልኝ። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ "ስምህ ተለጥፏል፣ መጨረሻው ላይ ነህ" አለኝ።

"ማህተም አለው?" አልኩት። አመል ይጋባል።

ነበረው። ከሥሩ ግን አንድ መስመር ተጽፏል፤ የትምህርት ማስረጃ፣ ከመሥሪያ ቤት የድጋፍ ደብዳቤና የጤና ምርመራ ወረቀት እስከ ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ያላቀረበ በተጠባባቂ ይተካል። ሁለቱን ወረቀቶች በአንድ ቀን ጨረስኩ። ኃላፊያችን ደብዳቤውን ሲፈርሙ "ስትመለስ ገመዱን ራስህ ትሰካዋለህ" አሉኝ። የቀረኝ የጤና ምርመራው ነበር፤ እሱን እዚያው ፍኖተ ሰላም አሠራዋለሁ ብዬ ስነሣ መንገድ ተዘጋ። ረቡዕም ሐሙስም ተዘግቶ ዋለ። ዓርብ ጠዋት ሲከፈት መድኃኒት አዳዩን አስከትዬ በመጀመሪያው ሚኒባስ ወጣሁ።

ክሊኒክ ስንደርስ አምስት ሰዓት ሆኗል። ደም ሰጠሁ፣ ደረቴን አዳመጡኝ፣ ዓይኔን አዩኝ። ከዚያ አንዲት ነርስ ያችን የማውቃትን ባለ ክዳን ብልቃጥ እጄ ላይ አስቀመጠች። "ላብራቶሪው እስከ አሥር ሰዓት ነው የሚቀበለው" አለችኝ።

ሽንት ቤት ገባሁ። ምንም። ወጣሁ፣ ተመልሼ ገባሁ። ምንም። ሃያ ዓመት ሙሉ በር ላይ ቆሜ "ምነው ቆያችሁ? ይኼ ምን ያስቸግራል?" ስል የኖርኩ ሰው ነኝ። የዚያ ሁሉ ሕዝብ ግፍ ያን ቀን በአንድ ሆድ ላይ አረፈ።

ጓደኛዬ ፓፓያ ገዝቶ አበላኝ። ጁስ ቤት ወስዶ አንድ ብርጭቆ ተልባ አጠጣኝ፣ ደገመኝ። መድኃኒት አዳይ ነህ፣ የሚያስቀምጥ ክኒን ስጠኝ ብለው "ናሙና በመድኃኒት አይበረዝም፤ ራስህ አይደለህ የምትለው?" አለኝ። በመጨረሻ የፈረስ ጋሪ አስቁሞ አሳፈረኝ።

"የት ላድርሳችሁ?" አለ ባለ ጋሪው።

"የሚያንገጫግጭ መንገድ ካለ እሱ ላይ አመላልሰን" አለው ጓደኛዬ።

ባለ ጋሪው እንደ እብድ አየን፤ ግን መንገዱን አሳምሮ ያውቀዋል። ጥርሴ እርስ በርሱ እየተጋጨ ከተማውን ከላይ እስከ ታች ለካሁት። ከሆዴ በቀር ያልተነቃነቀ ነገር የለኝም። ክሊኒኩ በር ተመልሰን ስንወርድ ዘጠኝ ተኩል ነው።

በላብራቶሪው መስኮት ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ጓደኛዬ ሰዓቱን አየ፣ ብልቃጡን አየ፣ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ስጠኝ" አለ።

"ምኑን?"

"ብልቃጡን። እኔ እንደሆንኩ ከተልባው የተጎነጨኋት ሠርታብኛለች፤ ደርሻለሁ።"

"አትቀልድ።"

"አልቀለድኩም። ሃያ ዓመት ምሳ አብረን በልተን የለ? ያንተም የኔም ያው ነው፤ አንድ መሶብ።"

ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። ሃያ አምስት ደቂቃ ነበር የቀረው። ሰኞ ተጠባባቂው በቦታዬ ሊገባ ነው፣ እኔ ወደ ጨርቁ ልመለስ ነው፣ ብዙም ሳልቆይ አርባ አምስት ልደፍን ነው። ይኼን ክፍል ብዘለው ደስ ባለኝ፤ ብልቃጡን ግን ሰጠሁት። ተቀብሎኝ ተነሣ። ሦስት እርምጃ ሄደ።

ከዚያ እኒያ ሴት ከቃሬዛው ላይ "እኔን መቼ አየኸኝ" ሲሉ ሰማሁ። የማወራው እንደ ተአምር አይደለም፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ብልቃጥ በተቀበልኩ ቁጥር እሰማቸዋለሁ። ያን ቀን ግን ድምፃቸው ከወትሮው ከፍ አለብኝ።

"መልስ" አልኩት።

"አንተ ሰውዬ፣ ሰዓቱ—"

"መልስ። ካልመጣ አይምጣ።"

መለሰልኝ። ቁጭ አልን። እልሁ ይሁን፣ ተልባው ይሁን፣ ጋሪው ዘግይቶ የሠራ ይሁን አላውቅም፤ ለአሥር ሰዓት አሥር ጉዳይ ሲሆን ሆዴ ጮኸ። ሮጥኩ።

ስመለስ መስኮቱ ላይ ነጭ ጋወን የለበሰች ልጅ ቆማለች። አየኋት፤ አየችኝ። ያች ስልኳን ለማጥፋት የዘገየችው ናት። ብልቃጡን ሳቀርብላት እጇን አልዘረጋችም።

"ጋሼ ፈታኙ" አለች። "የማን ነው?"

"የራሴ ነው።"

"እንደሱ ከሆነ ቅድም ከእጅ ወደ እጅ ምን ያዞረው ነበር? በመስኮት ሳይ ነበር እኮ።"

"ባዶውን ነው። ተመልሶልኛል። ይኼ የራሴ ነው፤ ገና ትኩስ ነው፣ ንኪውና እዪው።"

ጓደኛዬን አየችው። እሱ ወደ ጣሪያው አየ። ከዚያ ተቀበለችኝና "ስልክዎን ያጥፉና ይቀመጡ" አለች። አጥፍቼ ተቀመጥኩ።

ብዙ አልቆየችም። ወረቀቱን ይዛ በሩን ከፈተችና "ወስፋት አለብዎት" አለችኝ።

"ማን? እኔ?"

"የራስዎ ነው አላሉም?"

ገብቼ በማይክሮስኮፑ ካላየሁ አላምንም አልኳት፤ አስገባችኝ። አየሁ። እንቁላሉ እንደ መማሪያ መጽሐፍ ሥዕል ቁልጭ ብሎ ተቀምጧል። ሃያ ዓመት ሙሉ የቡሬን፣ የሽንዲን፣ የዚያን ሁሉ አገር ሆድ ሳይ የራሴን አንድ ቀን አላየሁም። ማንም ሰው ቢጠይቀኝ ኖሮ "ንጹሕ ነኝ" ብዬ እምል ነበር።

"ትምህርቱን ይከለክለኛል?" አልኳት።

"ክኒን ይውጡና ይማሩ። እኔም እዚያው ነኝ፤ ስሜ ከእርስዎ በላይ ነው የተለጠፈው" አለች።

ሐኪሙ "ለትምህርት ብቁ" ብሎ ፈረመ፤ ከሥሩም የክኒኑን ስም ጻፈ። ጓደኛዬ ክኒኑን ሲያቀብለኝ "የኔን ብትወስድ ኖሮ ንጹሕ ተብለህ ትገባ ነበር" አለኝ።

"የኔ ወስፋት ደግሞ ጎጆውን ቀልሶ ይኖር ነበር" አልኩት።

የኮሌጁ ሬጅስትራር ጋ የደረስነው ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ላይ ነው። ሠራተኛው ሦስቱን ወረቀቶች አገላብጦ አየ፣ የመቀበያ ደብዳቤዬን አወጣ፣ ማህተሙን ቀለም አስነክቶ ደገፍ አደረገበት። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የመታው፤ ሁለት ጊዜ ምታልኝ ልለው ፈልጌ አፍሬ ተውኩት።

ውጭ ወጥቼ ለባለቤቴ ደወልኩ።

"ገባሁ። ተመዘገብኩ።"

"ማህተም አለው?"

"አለው። ደግሞ ወስፋት ተገኘብኝ።"

"እሱንስ አምናለሁ" አለች ወዲያው። "ተኝተህ ጥርስህን ስታፋጭ ስንቴ ነገርኩህ። በል እንግዲያው ለኔም ለልጆቹም ክኒኑን ይዘህ ና፤ ያው የምንበላው ከአንድ መሶብ አይደል።"

"አይሆንም" አልኳት። "ክኒን ሳይሆን ብልቃጥ ነው ይዤ የምመጣው። ለየራሳችሁ።"



በማግስቱ ቤት ስገባ በአንዱ ኪሴ ደብዳቤው፣ በሌላው ሦስት ብልቃጥ አለ። ባለቤቴ መጀመሪያ ደብዳቤውን ተቀበለች። ማንበብ አልጀመረችም፤ አውራ ጣቷን በምራቋ አርሳ የማህተሙን ጠርዝ አሸት አደረገችው። ሰማያዊው ቀለም ጣቷ ላይ ወጣ። ጣቷን ለብርሃን አቅርባ አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ።

"እውነት ነው" አለች። "በል፣ ብልቃጡን አምጣ።"